ጀርሞች መድኃኒት እንዳይላመዱ ለመከላከል የትኛው የአገር ዕቅድ ይሻላል? አራት አማራጮች በንጽጽር

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ የሚራራቁ ሁለት መድኃኒት ቤቶች አሉ። አንደኛው ተጠሪነቱ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሲሆን ሌላው በሸገር ከተማ በኩል ለኦሮሚያ ክልል ነው። ባለፈው ክረምት ጉሮሮውን ያመመው አንድ የቀን ሠራተኛ ከመጀመሪያው «ያለ ማዘዣ አንሰጥም» ተብሎ ሲወጣና ከሁለተኛው ስድስት ፍሬ አሞክሳሲሊን በወረቀት ተጠቅልሎለት ሲመለስ አየሁት። ስድስት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወሰድ የሁለት ቀን መድኃኒት ነው፤ ጉሮሮውን ያሳመመው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሆነው፣ ምንም አይፈይድለትም።

በጤና ጣቢያ ፋርማሲ ለዓመታት ስሠራ በየጊዜው በዕቅድ ኮሚቴዎች ውስጥ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለው አጠቃቀም ጀርሞች መድኃኒቱን ተላምደው እንዲቋቋሙት ያደርጋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ይህንን ለመከላከል ዕቅድ አጥታ አታውቅም። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስጠቅሳቸው፣ የመጀመሪያው ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2011 ወጣ፣ ሁለተኛው በ2015 ተከተለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ2021 እስከ 2025 ያለውን ጊዜ የሚሸፍንና የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድ ላይ የያዘ፣ «አንድ ጤና» የሚባለውን አካሄድ የተከተለ ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዕቅድ የሚያዘጋጁ፣ አስተያየት እንዲሰጡበት የሚጠየቁ ወይም ወደ ክልል፣ ወደ ወረዳና ወደ ሆስፒታል የሚያወርዱት ሰዎች ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ዕቅዱ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው የሚለው ነው። በዓለም ላይ የተሞከሩ ቅርጾች በርካታ ናቸው፤ በስብሰባ ላይም እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ስለሚቀርቡ መምረጥ ያስቸግራል። ከዚህ በታች አራቱን ለይቼ አነጻጽራለሁ።

አስቀድሞ መመዘኛዎቹ

ለማነጻጸሪያ የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች አምስት ሲሆኑ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ከሁሉ የማስቀድመው በጀትን ነው። ዕቅዱ ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው የበጀት ዓመት ውስጥ የራሱ መደብ አለው ወይስ የለውም? በ2023 አገሮች ስለራሳቸው በሞሉት ዓመታዊ መጠይቅ መሠረት፣ ከአገሮቹ እጅግ የሚበዙት ዕቅድ አውጥተው ሳለ ለማስፈጸሚያ የተለየ በጀት የመደቡት 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባካሄደው ከፍተኛ ስብሰባ ላይ የጸደቀው የፖለቲካ መግለጫም በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑ አገሮች ገንዘብ የተመደበለት ዕቅድ እንዲኖራቸው ግብ ያስቀመጠው ይህንኑ ክፍተት አይቶ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ባለቤት ነው፤ ይኸውም ሥራው ሳይሠራ ሲቀር በስም የሚጠየቅ፣ የማዘዝ ሥልጣንም ያለው ሰው መኖሩ ነው። ሦስተኛው መለካት ሲሆን፣ ይህን የምመዝነው ሊገነባ በታሰበው ላቦራቶሪ ሳይሆን ዛሬ በእጃችን ባለው ነው። የካልቸር ምርመራ (ከሕመምተኛው የተወሰደውን ናሙና አብቅሎ ጀርሙንና የሚሠራበትን መድኃኒት መለየት) ሁለትና ሦስት ቀን የሚወስድ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ ግብዓት የሚፈልግ ሥራ በመሆኑ በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎቻችን አይገኝም። አራተኛው መመዘኛ ዕቅዱ እስከ ዳር መድረሱ ነው፤ ማለትም መንገድ ዳር ያለውን መድኃኒት ቤት፣ የጓሮ ዶሮ ቤቱንና በወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማውን ገበሬ መንካቱ።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን አጥብቄ የምይዘው ነው። ዕቅዱ መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያስፈልገውን ሰው መድኃኒት እንዳያሳጣው መጠንቀቅ አለበት። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን አሞክሳሲሊን በወቅቱ ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ቁጥጥር ብቻ አጥብቆ፣ የጤና ጣቢያውን መደርደሪያ ባዶ ትቶ፣ መድኃኒት ቤቱን የሚዘጋ ዕቅድ አንዱን ሞት በሌላው ይተካል። በ2022 ይፋ በሆነው ዓለም አቀፍ ጥናት ግምት መሠረት በ2019 በቀጥታ ጀርሞች መድኃኒት በመላመዳቸው ምክንያት የሞቱት ሰዎች 1.27 ሚሊዮን፣ ከችግሩ ጋር በተያያዘ የሞቱት ደግሞ 4.95 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ሸክሙ ከሁሉ የከበደው መድኃኒትም ላቦራቶሪም በማይበቃባት ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ ላይ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ሁሉን አቀፍ የአንድ ጤና ዕቅድ

ይህ ቅርጽ የዓለም ጤና ጉባኤ በ2015 ካጸደቀው ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር የተወሰደ ነው። መርሐ ግብሩ አምስት ዓላማዎች አሉት፦ ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ ክትትልና ምርምር፣ ኢንፌክሽን መከላከል፣ መድኃኒትን በሰውም በእንስሳም ላይ በአግባቡ መጠቀም፣ ለአዳዲስ መድኃኒቶችና መመርመሪያዎች ዘላቂ ገንዘብ ማዋል። አገሮችም ይህንን ተከትለው በሁለት ዓመት ውስጥ የየራሳቸውን ዕቅድ እንዲያወጡ ተጠይቀው ነበር።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ችግሩን በሙሉ ስፋቱ ማየቱ ነው። አቃቂ ላይ ሆኖ ሲታይ ይህ ስፋት ትርፍ ነገር አይደለም። የአቃቂ ወንዝ የከተማዋን የቤት፣ የፋብሪካና የጤና ተቋማት ፍሳሽ ተሸክሞ ይመጣል፤ በዳርቻው የሚለማው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በዚያው ውኃ ይጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ገበያችን ይገባል። ጤና ቢሮ ብቻውን፣ ግብርና ቢሮም ብቻውን ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ አያየውም።

ድክመቱ ከጥንካሬው አይለይም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የየራሳቸውን በጀት ይዘው አይመጡም። የጤናው ዘርፍ ይመራል፣ የእንስሳቱ ተወካይ ይገኛል፣ የአካባቢ ጥበቃው ተወካይ በየስብሰባው ይለዋወጣል፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ሁሉም ወደየቢሮው ሲመለስ የወንዙ ጉዳይ የማንም ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። በአንድ ወቅት በተሳተፍኩበት ግምገማ ላይ ከቀረቡት ተግባራት ብዙዎቹ በ«ፈጻሚ አካል» ዓምድ ሥር «የሚመለከታቸው ሁሉ» የሚል ተጽፎባቸው ነበር። በዚያ ቀን ስለ ማን አፈጻጸም እንደምንጠይቅ ልናውቅ አልቻልንም።

አማራጭ ሁለት፦ ከሰው ጤና የሚጀምር ጥቅል

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ይህ አካሄድ ሕመምተኛውን መሃል ላይ አድርጎ አሥራ ሦስት ተግባራትን በጥቅል ያቀርባል። ኢንፌክሽንን ከመከላከል ይነሣል፣ የጤና አገልግሎት ማግኘትን ያስከትላል፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛ ምርመራ፣ ከዚያም ወደ ተገቢው ሕክምና ይሸጋገራል። ባለቤቱ አንድ፣ ጤና ሚኒስቴር፣ መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ መድኃኒት የማግኘትን ጉዳይ በግልጽ የያዘ በመሆኑም በአምስተኛው መመዘኛ ከሁሉ ይበልጣል። የዶሮ ቤቱንና ወንዙን ግን ለሌላ ሰነድ ይተዋቸዋል። ለሆስፒታልና ለጤና ቢሮ እንደ መነሻ እመክረዋለሁ፤ ለአገር ግን ብቻውን አይበቃም።

አማራጭ ሦስት፦ ጥቂትና በቁጥር የተገለጹ ግቦች

በዚህ ቅርጽ ዕቅዱ የሚጀምረው ከተግባራት ዝርዝር ሳይሆን ከቁጥር ነው። ታይላንድ ከ2017 እስከ 2021 ባወጣችው ዕቅድ አምስት ግቦችን ብቻ አስቀመጠች፤ ከእነዚህም ውስጥ መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች የሚመጣውን ሕመም በ50 በመቶ፣ በሰው ላይ የሚውለውን ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በ20 በመቶ፣ በእንስሳት ላይ የሚውለውን በ30 በመቶ መቀነስና የሕዝቡን ዕውቀት በ20 በመቶ ማሳደግ ይገኙበታል። ኔዘርላንድስም ለእንስሳት የሚሸጠው አንቲባዮቲክ ከ2009 መጠን አንጻር በ2013 በግማሽ እንዲቀንስ ግብ ጥላ አሳክታለች። ይህ የሆነው እያንዳንዱ እርባታ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር እንዲዋዋል፣ የሚጠቀመው መድኃኒት እንዲመዘገብና ከሌሎች አርቢዎች ጋር እንዲነጻጸር በመደረጉ ነው። በመዝገብ የተያዘ ፍጆታ ባይኖር ኖሮ «በግማሽ» የሚለው ቃል ከምኞት አያልፍም ነበር።

ለእኛ የሚያስቸግረው መነሻ ቁጥሩ ነው። ዛሬ ምን ያህል እንደምንጠቀም ሳናውቅ በ20 በመቶ እንቀንሳለን ብንል የሚያምነን አይኖርም። ይሁን እንጂ ላቦራቶሪ እስኪሟላ ድረስ መጠበቅ የለብንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው እንደ አሞክሳሲሊን ያሉትን፣ ለተለመዱ ሕመሞች በቅድሚያ የሚመረጡትንና በቀላሉ መገኘት ያለባቸውን ይይዛል። ሁለተኛው እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ያሉ፣ ጀርሞች በፍጥነት ሊላመዷቸው ስለሚችሉ በጥንቃቄ የሚታዘዙ ናቸው። ሦስተኛው እንደ ኮሊስቲን ያሉ፣ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚነኩ ናቸው። የ2024ቱ መግለጫ በዓለም ደረጃ ለሰው ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ግብ አስቀምጧል።

ይህንን ድርሻ ለማወቅ ደግሞ የሚያስፈልገው የፋርማሲው መዝገብ ነው። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን የሦስት ወር የመድኃኒት ማደያ መዝገብ ገጽ በገጽ እያገላበጥን በእርሳስ ቆጥረናል። እሷ የመድኃኒቱን ስም ታነባለች፣ እኔ ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱ ላይ ጭረት አሰፍራለሁ። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደብን። ውጤቱን በግድግዳ ላይ በለጠፍን ማግስት ጤና መኮንኖቹ ራሳቸው መጥተው ሲፕሮፍሎክሳሲን ስለሚታዘዝበት ምክንያት መወያየት ጀመሩ፤ ለዓመታት በሥልጠና ያልመጣ ውይይት ነበር። የጤና ጣቢያ መዝገብ በግል መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን እንደማያሳይ ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ የሚጀመርበት ቁጥር ይሰጣል።

አማራጭ አራት፦ ከነባሩ የወረዳ ዕቅድ ጋር የሚሰፋ

በዚህ አማራጭ ብሔራዊው ሰነድ አጭር ሆኖ ዋናው ሥራ በየዓመቱ በሚዘጋጀው የክልልና የወረዳ ዕቅድ ውስጥ ይገባል። የስዊድን ልምድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ በ1995 ስትራማ በሚል ስም የተጀመረው ቅንጅት ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን በየክልላቸው አሰባስቦ የራሳቸውን መድኃኒት የማዘዝ ልማድ በራሳቸው ቁጥር እንዲመረምሩ አድርጓል። ወደ እኛ ይበልጥ የምትቀርበው ኬንያ ናት። በ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ ምክንያት የጤና አገልግሎት ወደ 47 ካውንቲዎች በመውረዱ፣ ከ2017 እስከ 2022 የነበረው ብሔራዊ ዕቅዷ ናይሮቢ ላይ ተጽፎ የሚያበቃ ሊሆን አልቻለም፤ ካውንቲዎቹ የራሳቸውን ኮሚቴ ማቋቋምና ከራሳቸው በጀት ድርሻ መጠየቅ ነበረባቸው።

በአገራችንም የወረዳ ተኮር ዕቅድ አሠራር አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይደርሳሉ፣ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም አሉ። አዲስ መዋቅር ሳያስፈልግ በዚህ መስመር ላይ ጥቂት ረድፎችን መጨመር ይቻላል። በጀትንና ባለቤትን በሚመለከት ከአራቱ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው፤ በወረዳ ዕቅድ ውስጥ የገባ ረድፍ የፈጻሚ ስም፣ የገንዘብ ኮድና የሩብ ዓመት ሪፖርት ይኖረዋልና።

እስከ ዳር በመድረስ ምን ያህል እንደሚለይ የተረዳሁት ግን በቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ ሦስት መቶ ያህል ዶሮ በምታረባ ጎረቤቴ ቤት ነው። አንድ ጠዋት ስደርስ በሰማያዊ በርሜል ውኃ ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ቢጫ ዱቄት በሾርባ ማንኪያ እየለካች ታማስል ነበር። ዶሮዎቹ አልታመሙም።

«እትዬ፣ ለምን ትሰጫቸዋለሽ?» አልኳት።

«ፈንግል እንዳይገባብኝ ነዋ» አለችኝ።

ፈንግል የቫይረስ በሽታ ስለሆነ ዱቄቱ አያቆመውም፤ የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ክትባቱም እዚሁ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ይህን ስነግራት ታውቀዋለች። የሰጠችኝ መልስ ስለ ዕውቀት አልነበረም፦ «ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፣ አንዱ ብልቃጥ ለእኔ ዶሮ ይበዛል፣ ከተከፈተ ደግሞ አያድርም። ዱቄቱ ግን ሱቅ አለ።» ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ በብሔራዊ ሰነድ ላይ የተጻፈው ምዕራፍ ለዚህች ሴት ምን እንደሚጨምርላት ደጋግሜ አስቤአለሁ። እሷን የሚደርሳት የበረዶ ሳጥን ያለው የወረዳ ባለሙያ ነው።

የዚህ አማራጭ ድክመት ደግሞ ድንበር ላይ ይታያል። በመግቢያዬ የጠቀስኳቸው ሁለት መድኃኒት ቤቶች በሁለት አስተዳደር ሥር በመሆናቸው አንደኛው ወረዳ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ ገዢው ወደ ሌላው ይሻገራል። እንዲሁም አቅም ያለው ወረዳ ይቀድማል፣ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመድኃኒት ምዝገባ፣ የማዘዣ ሕግና የአገር አቀፍ የላቦራቶሪ ክትትል ከማዕከል ካልተመሩ ወረዳ ብቻውን ሊይዛቸው አይችልም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ሁሉን አቀፍ የአንድ ጤና | ከሰው ጤና የሚጀምር | በቁጥር የተገለጹ ግቦች | ከወረዳ ዕቅድ ጋር የሚሰፋ |
|---|---|---|---|---|
| የራሱ በጀት | ደካማ፤ በብዙ መሥሪያ ቤት የተበታተነ | መካከለኛ | ግቡ በጀት ለመጠየቅ ያግዛል | ጠንካራ |
| ግልጽ ባለቤት | ደካማ | ጠንካራ | ለእያንዳንዱ ግብ ከተሰየመ ጠንካራ | ጠንካራ፤ ድንበር ላይ ይላላል |
| ዛሬ ባለው አቅም መለካት | አስቸጋሪ | መካከለኛ | በመዝገብ ቆጠራ ይጀመራል | ይቻላል |
| እስከ ዳር መድረስ | በሐሳብ አዎ፣ በተግባር ጥቂት | በጤና ተቋም በኩል ብቻ | እንደ ግቡ ይለያያል | ከሁሉ የተሻለ |
| መድኃኒት አለማሳጣት | ተጠቅሷል | ከሁሉ የተሻለ | የመቀነስ ግብ ብቻ ከሆነ አደገኛ | እንደ ወረዳው |

ለማን የትኛው?

በአገር ደረጃ ለሚወስኑ ሰዎች የማቀርበው ምርጫ የሦስተኛውና የአራተኛው ጥምር ነው። አምስት የማይሞሉ ግቦች በቁጥር ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ ግብ አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት ይኑረው፣ ተግባራቱ ደግሞ ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ዓመታዊ ዕቅድ በረድፍ ይውረዱ። የአንድ ጤናው ኮሚቴ አይፍረስ፤ ሆኖም ሥራው ሁሉንም ማስፈጸም መሆኑ ቀርቶ እንደ አቃቂ ወንዝ ያሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት በላይ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮችን ብቻ መያዝ ይሁን። ከግቦቹ መካከል አንዱ የግድ ስለ አቅርቦት መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው ምድብ መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ያልጠፉባቸው ቀናት ብዛት።

የውጭ ድጋፍ ለሚጠብቅ ፕሮግራም አንድ ነገር ላሳስብ። ብሪታንያ በብዙ ድሃ አገሮች የላቦራቶሪ ክትትልን ስትደግፍበት የነበረው ፍሌሚንግ ፈንድ እንዲዘጋ በ2025 ተወስኗል። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የላቦራቶሪ ዕቃ መግዛት ይቻላል፤ የባለሙያ ደመወዝንና በየወሩ የሚያልቅ ግብዓትን በእሱ ላይ ማንጠልጠል ግን ገንዘቡ ባበቃ ማግስት በሩን መዝጋት ነው። ደመወዝና ግብዓት ከመንግሥት በጀት ይያዙ።

ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ ያለው ሆስፒታል ከሁለተኛው አማራጭ ቢጀምር ይበጀዋል። የመድኃኒትና ቴራፒ ኮሚቴው የራሱን ሆስፒታል የካልቸር ውጤት በየስድስት ወሩ ጠቅልሎ በየትኛው ክፍል የትኛው መድኃኒት እየሠራ እንደሆነ ለሐኪሞቹ ያሳውቅ፤ ውጤቱንም ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የክትትል መረብ ያስተላልፍ።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ከሦስት ሥራዎች አይለፍ። መዝገቡን በየሩብ ዓመቱ መቁጠር ከጊዜ በቀር ወጪ የለውም። በማዋለጃና በቁስል ማጠቢያ ክፍሎች ውኃና ሳሙና እንዳይቋረጥ ማድረግ ጥቂት ወጪ አለው፣ ነገር ግን የተከላከልነው ኢንፌክሽን መድኃኒት አይፈልግምና ከሥልጠና በፊት ይምጣ። ሦስተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልግና ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ለእናቶች እንድታስረዳ ማድረግ ነው። በጀቱ ትንሽ ከሰፋ ናሙና ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ቋሚ የመጓጓዣ ቀን ይጨመርበት።

እንደ እኛ በሁለት አስተዳደሮች መካከል ያለ ሰፈር ደግሞ ከማንኛውም ዕቅድ በፊት የሁለቱ ወገን የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በወር አንድ ቀን አብረው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ እንዲዞሩ የሚያስችል ስምምነት ያስፈልገዋል።

የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከጎረቤቴ ተምሬአለሁ። ባለፈው ወር ከሁለት አርቢዎች ጋር ተስማምታ ክትባቱን በአንድ ቀን፣ በተዋሱት የዓሣ ነጋዴ የበረዶ ሳጥን አስመጥተው አንዱን ብልቃጥ ለሦስት ቤት ተካፈሉት፤ የወረዳው ባለሙያም በአንድ ጠዋት ሦስቱን ቤት አዳረሰ። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አስተያየት ስጠየቅ የጻፍኩት አንድ ረድፍ ነው፦ የበረዶ ሳጥን አራት፣ ፈጻሚ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ የክትባት ቀን በየሦስት ወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ።